ከስድስት ስንጥር አንድ ዘንግ

ርዝመቱ 2 ሜትር ከ29 ሳንቲም ነው። ክብደቱ ከ110 ግራም ብዙም አይርቅም። መያዣው አጠገብ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ 1.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። ከሩቅ ላየው ተወልውሎ ቫርኒሽ የተቀባ አንድ ሸንበቆ ይመስላል። አቅርቦ ወደ ብርሃን ያዞረው ሰው ግን ክብ እንዳልሆነ ያያል። ስድስት ጠፍጣፋ ገጽ አለው። በገጽና በገጽ መካከል ከስር እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ጥፍር ቢያስኬዱበት አይይዝም። መስመሩ የኮላ ነው። ስድስት የቀርከሃ ስንጥሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ማዕዘን ሆነው ተልገው፣ ሹል ጎናቸውን ወደ መሃል አድርገው እዚያ ላይ ተገናኝተዋል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ወንዞች ትራውት የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎች ዘንግ ነው። (ትራውት ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች ከተለቀቀ ቆይቷል።) አጥማጁ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር አስሮ ዝንብ ያስመስላል። ዝንቡ ክብደት የለውም ቢባል ይቻላል፤ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ዓሣው አፉን ካወጣበት ቦታ አንድ ክንድ ወደ ወንዙ ላይኛ በኩል ብሎ፣ ውኃ ሳይረጭ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ዘንጉ ማጥመጃ ብቻ ሳይሆን ማነጣጠሪያም ነው። ስንጥሮቹ በሚሊሜትር ሽርፍራፊ የሚለኩት ለዚህ ነው።

ቀርከሃው ከየትም አይመጣም። ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ በተለይ ከሑዋይጂ ኮረብታዎች ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሎይድ መክሉር እ.ኤ.አ. በ1931 በሳይንስ ስሙ መዝግቦታል። እስከ 12 ሜትር ያድጋል፤ ውፍረቱ 5 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አንጓዎቹም ብዙ አያብጡም። የእኛ የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ ነው። የቆላው ሽመል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድፍን ነው። የቻይናው በሁለቱ መካከል ይመደባል፤ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ግን ወፍራም ነው።

እንጅባራ ላይ ወንበር ለመሥራት ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ቆሞ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ምስጢር ያውቀዋል። ጥንካሬው ያለው ላይኛው ገጽ ላይ ነው። አገዳውን በመጋዝ አግድም ቆርጠው ጫፉን ቢመለከቱት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከስር እስከ ላይ የሚሄድ የቃጫ እስር ነው። ከቅርፊቱ ስር ነጠብጣቦቹ ተጨናንቀው አንድ ጥቁር ቀለበት ይሆናሉ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ይሳሳሉ። ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ሲደርሱ የሚቀረው ለስላሳና ቢጫ፣ በጥፍር የሚፋቅ ነገር ነው።

የሥራው ሕግ የሚወጣው ከዚህ ነው። ላይኛው ገጽ አይነካም። ቅጠል የመሰለው ስስ ቅርፊት በመፋቂያ ይነሣል፤ ከዚያ በታች ያለው ቃጫ ግን መላጊያ አያገኘውም። ስንጥሩ የሚቀጥነው ከሁለቱ የውስጥ ጎኖች ብቻ ነው። ስድስቱ ሲገጠሙ ጠንካራው ገጽ በስድስቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ለስላሳው መሃል ላይ ይገናኛል። ዘንግ ሲታጠፍ በጣም የሚሳበውና በጣም የሚጨመቀው ውጭው ነው፤ መሃሉ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። ሠሪው የቀርከሃውን ተፈጥሮ ሳያፈርስ በቀጭኑ እንደ ገና ገንብቶታል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ብልህ የእንጨት ሥራ አላውቅም።

አገዳው 3 ሜትር ከ66 ሆኖ ተቆርጦ፣ በአሸዋ ታሽቶ፣ በፀሐይ ደርቆ ይመጣል። ሠሪው ነፍሳት የበሱትን፣ የተጫረውን፣ ቃጫው የሳሳውን ያስቀራል። የወደደውን ከመሃሉ ለሁለት ይቆርጣል። የታችኛው ግማሽ ለዘንጉ የታችኛ ክፍል፣ የላይኛው ለጫፍ ይሆናል። ጥሩ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጫፍ ይሠራለታል፤ አንዱ በሥራ ላይ ሳለ ሌላው ያርፋል። ለታችኛው ስድስት፣ ለሁለቱ ጫፎች አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው 18 ስንጥር ይፈለጋል። አንድ አገዳ ለዚህ ይበቃል።

በእጅ የሚሠራ ሰው አገዳውን በመጋዝ ወደ ስንጥር አይቆርጥም፤ ይሰነጥቃል። መጋዝ የራሱን መስመር ስለሚሄድ ቃጫውን ይበጥሳል። ስንጥቅ ግን የቃጫውን መንገድ ይከተላል። ወፍራም ቢላ ጫፉ ላይ ተደርጎ በመዶሻ መታ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ይበቃል። ስንጥቁ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ከጀመረ ሠሪው ወፍራሙን ወገን የበለጠ ያጥፋል፤ ስንጥቁ ወደሚታጠፈው ወገን ስለሚሄድ ወደ መሃል ይመለሳል። ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ እንደ ገና ለሁለት እየተባለ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን ይቀጥላል። እያንዳንዱ ስንጥር ቁጥር ይጻፍበታል፤ በአገዳው ላይ የነበረው ተራ እንዳይጠፋ።

አስቸጋሪው አንጓው ነው። አንጓ ላይ ቃጫው ይጣመማል፤ ከውጭ ጉብታ፣ ከውስጥ ግድብ ይሠራል። ግድቡ በመሮ ይነሣል። ጉብታው በሞረድ ይቀመጣል፤ እዚህ ላይ ሞረዱ ጥቂት አልፎ ከሄደ ያንኑ የማይነካውን ቃጫ ይበላል። ከዚያ አንጓው በእሳት ላይ ይሞቃል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በሞርሳ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ከጉብታው የተረፈው ተጭኖ ይገባል እንጂ ሁሉም በሞረድ አይነሣም። የጎንዮሽ ጥመቱም በዚሁ መንገድ ይቃናል። አንድ ስንጥር ላይ ሦስት አራት አንጓ ስለሚኖር ይህ ሥራ ብቻ ቀናት ይወስዳል።

ከተቃና በኋላም አንጓ ደካማ ቦታ ነው። ስለዚህ ስንጥሮቹ ሲደረደሩ የጎረቤታሞች አንጓ በአንድ ከፍታ ላይ እንዳይገጥም አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይሳባል። አንዳንዶች ሦስቱን አንድ ላይ፣ የቀሩትን ሦስቱን በመካከላቸው ያደርጋሉ። አንዳንዶች ስድስቱንም በተለያየ ከፍታ ያዞሯቸዋል። ያለቀ ዘንግ ላይ ጥቁር ጥቁር የሚሉትን ምልክቶች ተከትሎ የትኛው እንደ ተመረጠ ማንበብ ይቻላል።

ስንጥሮቹ በመጀመሪያ በግምት ሦስት ማዕዘን ይደረጋሉ፤ ታስረው 180 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ለደቂቃዎች ይቆያሉ። እርጥበቱ ይወጣል፣ ቀርከሃው ይጠነክራል፣ ቀለሙም ጥቂት ይጠቁራል።

አሁን መላጊያው ይመጣል። ሁለት የብረት ላማዎች፣ ርዝመታቸው ከሜትር ተኩል በላይ፣ ጎን ለጎን በብሎን ተያይዘዋል። በተገናኙበት ጠርዝ ላይ 60 ዲግሪ የሆነ ቦይ ይሄዳል። በየ5 ኢንቹ፣ ማለትም በየ12.7 ሳንቲሙ፣ ላማዎቹን የሚያቀራርብና የሚያራርቅ የብሎን ጥንድ አለ። ላማዎቹ ሲራራቁ ቦዩ ይጠልቃል፤ ሲቀራረቡ ጥልቀቱ ይቀንሳል። ጥልቀቱ ጫፉ 60 ዲግሪ በሆነ መለኪያ ይነበባል። የዘንጉ ጠባይ በሙሉ የሚወሰነው በእነዚህ ብሎኖች ነው። ስንጥሩ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፤ ከላማው በላይ የቀረው ይላጋል። ጥቂት ከተላገ በኋላ ይገለበጣል። ከአንድ ጎን ብቻ ከተላገ ማዕዘኑ ይዛባል፤ ስለዚህ ተገልብጦ፣ ተልጎ፣ ተለክቶ፣ እንደ ገና ይገለበጣል። ሦስቱም ከፍታዎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ 60 ነው። ካልሆኑ ዝንባሌው በሚቀጥለው ምት ይመለሳል።

ትዕግሥቱ ለምን እንዳስፈለገ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ጫፉ ላይ የእያንዳንዱ ስንጥር ከፍታ 0.84 ሚሊሜትር ነው። ሠሪው ከእያንዳንዱ 0.025 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ሺኛ ኢንች፣ አብልጦ ቢልግ ተቃራኒዎቹ ስንጥሮች ይደመሩና ዘንጉ በ0.05 ይቀጥናል። ሦስት በመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ግን የዘንግ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ርቢ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሦስት በመቶው 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይኸው ስሕተት መያዣው አጠገብ፣ 8 ሚሊሜትሩ ላይ ቢፈጸም ግትርነቱን የሚቀንሰው ከ3 በመቶ በታች ነው። ሠሪው ወደ ጫፉ በቀረበ ቁጥር እጁን የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻዎቹ ፍቅፋቂዎች ሲወጡ በእነሱ በኩል ብርሃን ያልፋል።

ይህን ሥራ በስሌት የያዘው ኤቨረት ጋሪሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው። በሙያው መሐንዲስ ነበር። ዘንጉን እንደ ድልድይ ምሰሶ ቆጥሮ፣ ዝንቡ የታሰረበት መስመር ሲወረወር በየቦታው የሚያርፈውን ጫና አስልቶ፣ ውፍረቱን ከዚያ አወጣ። ማሰሪያውን፣ ላማውን፣ ምድጃውን ራሱ ሠራ። በሕይወቱ የሠራቸው ዘንጎች ጥቂት መቶዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሞተ፤ ከዘፈን ደራሲው ከሆጊ ካርማይክል ልጅ ጋር ያዘጋጀው የአሠራር መጽሐፍ በ1977 ታተመ። ዛሬ በጓሮው ዘንግ የሚልግ አማተር ሁሉ ከዚያ መጽሐፍ አንድ ነገር ተበድሯል።

ከጋሪሰን በፊት የነበሩት በዚህ ያህል ለጋስ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኢስተን ከተማ ሳሙኤል ፊሊፒ የተባለ ጠመንጃና ቫዮሊን ሠሪ ቀርከሃ ሰንጥቆ ማጣበቅ ከጀመሩት አንዱ ነው። ከእሱ በኋላ ሂራም ሌናርድ፣ መጀመሪያ በሜይን፣ ኋላ በኒው ዮርክ፣ ስድስት ማዕዘኑን ዘንግ የፋብሪካ ሥራ አደረገው። ስንጥሩን ማዕዘን አስይዞና አቅጥኖ የሚቆርጥ ማሽን ነበረው፤ የተቀመጠበት ክፍል ተቆልፎ ይውል ነበር። ቁልፉ ብዙ አልጠቀመም። ከእሱ ዘንድ የወጡት ቶማስ፣ ኤድዋርድስና ፔይን በየራሳቸው ስም የታወቁ ሠሪዎች ሆኑ። ማሽን የቆረጠውን ከእጅ ሥራ የሚያሳንሱ ሰዎች አሉ። የሌናርድን አሮጌ ዘንግ መጋጠሚያ መስመር በማጉያ ያየ ሰው እንደዚያ ለማለት ይቸገራል።

ማጣበቁ ፈጣን ሥራ ነው። ስድስቱ ስንጥሮች ላይኛው ገጻቸው በሚጣበቅ ወረቀት ተይዞ ይዘረጋሉ፣ ውስጣቸው ኮላ ይቀባል፣ ይጠቀለላሉ። ከዚያ ክብደት የተንጠለጠለበት ማሰሪያ ከዳር እስከ ዳር ክር ይጠመጥምባቸዋል። ክር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጠመጠመ ዘንጉን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር በተቃራኒው ይሄዳል። ኮላው ሳይደርቅ ዘንጉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተንከባሎ ይቃናል። ያኔ ያልተቃና ኋላ በእሳት ነው የሚለመነው። ሲደርቅ ክሩ ይፈታል፤ የተረፈው ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፣ ከኮላው በላይ ግን አይታለፍም።

የዘንጉ ሁለት ክፍሎች የሚገናኙት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ በተቀላቀለ ብረት በተሠራ ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ ነው። ብረት አይታጠፍም፣ ቀርከሃ ይታጠፋል፤ ድንበሩ ላይ ዘንግ ይሰበራል። መልሱ ብረቱን ድንበሩ ላይ ማሳሳት ነው። ቀርከሃውን የሚይዘው አፉ በመጋዝ እንደ ቅጠል ይሰነጠቃል፤ ቅጠሎቹ በሞረድ እየሳሱ መጨረሻቸው ወረቀት እስኪያህል ይደርሳሉ። በላያቸው የሐር ክር ይጠመጠማል። ግትርነቱ በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ይሟሟል። ወንዴው ደግሞ ሴቴው ውስጥ በቅባት ሳይሆን በልክ ይገባል። ሲገፋ የታመቀ አየር ይቃወመዋል። ሲነቀል ጧ ይላል።

የክር ሥራውን ያለ ማጉያ ማድነቅ አይቻልም። መስመሩ የሚያልፍባቸው ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች እግራቸው በሞረድ ተስሎ ዘንጉ ላይ ይተኛል፤ ሐሩ ከእግሩ ጫፍ ቀደም ብሎ ጀምሮ ዳገቱን ይወጣል። ክሩ ከክር ላይ አይወጣም፣ ከክርም አይርቅም። ቋጠሮ የለም። ከማለቁ በፊት የክር ማጠፊያ ከስሩ ይቀመጥና የክሩ መጨረሻ በማጠፊያው ተስቦ በራሱ ጥምጥም ስር ይገባል። ሐር ቫርኒሽ ሲነካው ብርሃን ያስተላልፋል፤ ቀርከሃው ከስሩ ይታያል። ቀለሙ እንዳይጠፋ የፈለገ አስቀድሞ ሌላ ቅብ ይቀባዋል። እኔ የሚያስተላልፈውን እመርጣለሁ፤ የሸፈነው ጥምጥም ስሕተትም ይሸፍናል። ቫርኒሹ ብዙውን ጊዜ በብሩሽ አይቀባም። ዘንጉ ቫርኒሽ በሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቀለበት በደረሰ ቁጥር ቆም ይላል፣ የተጠራቀመው እስኪንጠባጠብ። መያዣው አንድ ላይ ተጣብቀው በቶርኖ የተላጡ የቡሽ ቀለበቶች ነው።

ማነጣጠሩን በተግባር ለማየት ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠሩት የውርወራ ገንዳዎች አሉ። ዓሣ የለባቸውም። በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ቀለበቶች ብቻ ይቀመጣሉ፤ በውድድር ላይ ስፋታቸው 76 ሳንቲም ነው፤ የሚርቁት ከ6 እስከ 15 ሜትር። ወርዋሪው አውራ ጣቱን መያዣው ላይ አጋድሞ ወደ ቀለበቱ ያሳያል። የሚወረወረው መስመሩ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ዘንግ ከሚሆኑት በአንዱ ላይ የመጀመሪያው 9 ሜትር 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። እጁ ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ዘንጉ ይታጠፋል፤ እጁ ሲቆም ይዘረጋል። በዚያች ቅጽበት የዘንጉ ጫፍ የሄደበት መንገድ ቀጥ ያለ ከሆነ መስመሩ ጠባብ ቀለበት ሠርቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጫፉ ቅስት ከሠራ መስመሩ ሰፍቶ ይወድቃል፤ ንፋስም ይወስደዋል። እጁ ጥሩ ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ የተላገ ዘንግ እዚያ አለልክ ይታጠፋል፣ ጫፉም መንገዱን ይስታል። ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ የጠነከረ እንደ ሆነ ዘንጉ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይዞራል፤ ዝንቡም ከአውራ ጣቱ ጎን ያርፋል። ልምድ ያለው ሠሪ ክፍሉን በመዳፉ እያንከባለለ ጠንካራውን ጎን ይፈልግና የሽቦ ቀለበቶቹን ከእሱ ጋር አስተያይቶ ያስራል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ከቻይና ጋር ንግድ ስታቋርጥ ቀርከሃው ቆመ። በመጋዘን ክምችት የነበራቸው ቀጠሉ፤ የሌሎቹን ቦታ ፋይበርግላስ፣ ኋላም ካርቦን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንገዱ ሲከፈት አገዳው ተመለሰ፣ ገበያው ግን አልተመለሰም። ካርቦን ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ይርቃልም፤ ይህን መካድ አይገባም። ለአንድ የቀርከሃ ዘንግ የሚጠፋው ከ40 ሰዓት በላይ በገንዘብ ሲመነዘር ዓሣ ለሚበላ ሰው አይዋጥም።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው አሮጌ ነው። አሮጌ ዘንግ ሲቀርብ አስቀድሞ የሞዴል ቁጥሩ ሳይሆን መጋጠሚያው ይሞከራል፤ ሳይንቀጠቀጥ ገብቶ ሲነቀል ካልጮኸ ተበልቷል። ቀጥሎ ዘንጉ እንደ ጠመንጃ በዓይን ይነጣጠራል። ከብዙ ዓሣ ጋር የታገለ ጫፍ ጎብጦ ይቀራል፤ ጉብጠት በእሳት ስለሚቃና ብዙ አያስፈራም። ሁለቱ ጫፎች እኩል ርዝመት እንዳላቸው ይለካል፤ አንዱ ካነሰ ተሰብሮ ተቆርጧል ማለት ነው፣ የተቆረጠውም ያ ከሁሉ ይልቅ የተደከመበት ጫፍ ነው። በመጨረሻ ክፍሉ በሁለት ጣት ተይዞ ነቅነቅ ይደረጋል። ደህና ዘንግ ዝም ይላል። ጠቅ ጠቅ ካለ ውስጡ ኮላው ለቋል፤ የዋጋ ክርክሩም ከዚያው ይጀመራል።